ይቆይ ወይስ ይውጣ

አክስቴ የእናቴን ቤት ደወል ስትደውል ያየኋት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። የጓሮ በሩ ቁልፍ ከራሷ ቤት ቁልፍ ጋር አንድ ማንጠልጠያ ላይ ነው የሚውለው፤ ስትመጣ በጓሮ ገብታ፣ ማድ ቤት ጎራ ብላ፣ ድስቱን ከፍታ ቀምሳ፣ ጨው አንሶታል ብላ ከጨመረች በኋላ ነው ሰላም የምትለው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ዋናው በር ላይ የክት ጫማዋን አድርጋ፣ አሮጌ የቆዳ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። እኔ ከኋላዋ የመኪናዬን ቁልፍ እያሽከረከርኩ ነበርኩ። እናቴ በሩን ከፈተች፤ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥላ ቦርሳውን፣ መጨረሻ ላይ የእህቷን ፊት አየች።

«ቁልፍሽ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም እትዬ። ዛሬ ለሥራ ነው የመጣሁት።»

እናቴ «ለሥራ» ምን ማለት እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። አክስቴ የታሪክ ጸሐፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ባዕዳን ገዥዎች በዚህች ከተማ ሰፍነው የኖሩበትን ዘመን ስትጽፍ ኖራለች፤ ስለ ጄኔራሎቻቸውና ስለ ውሎቻቸው ሳይሆን ውሃ ስለቀዱላቸው፣ በራቸውን ስለጠበቁላቸው፣ ደብዳቤያቸውን ስላደሉላቸው ሰዎች። የጻፈችውን ማንም ይረዳዋል። ይህን እንደ ጥፋት የቆጠሩባት ምሁራን ነበሩ፤ አንዱ በስብሰባ መካከል ተነስቶ «የጎረቤት ወሬ» አለው አሉ፤ እሷም በሚቀጥለው መጽሐፏ መግቢያ ላይ አመስግናዋለች፤ ወሬ የሚባለው ነገር ሰው ጆሮውን ሳይገደድ የሚሰጠው ስለሆነ። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ሰው አፉን የሚከፍትልኝ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ለእሷ ግን ወንበር ስቦ ይከፍትላታል። ክሊኒኬ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከምደረድራቸው ነገሮች መጽሔቱ ዓመት ይቆያል፤ የእሷ መጽሐፍ ሳምንት አይሞላውም፣ ይሰረቃል። መጀመሪያ እናደድ ነበር። አሁን ሌላ እገዛና አስቀምጣለሁ፣ ይስረቁት።

እሷ ግን አንድ ሕግ አላት፤ ከሌሎቹ የሚለያትም እሱ ነው። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ስማቸው የተነሳባቸውን ሰዎች፣ እነሱ ከሞቱ ልጆቻቸውን፣ ቤታቸው ድረስ ሄዳ፣ ደውላ ገብታ፣ የእነሱን ገጽ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብላቸዋለች። ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ይቆይ ወይስ ይውጣ? ይውጣ ካሉ እዚያው ፊታቸው በእርሳስ ትሰርዘዋለች። አትከራከርም፣ አታባብልም። ሳያነቡላቸው ማሳተምም፣ ሳይሰሙ ማውጣትም የለም። በዚህ ሕግ የተነሳ ስንት ድንቅ ገጽ ቅርጫት እንደገባ እኔና ማተሚያ ቤቱ እናውቃለን።

«ስለ ምንድን ነው?» አለች እናቴ፣ በሩን እንደያዘች።

«ስለ እማማ። ስለ ልብስ ማጠቢያው። ሰርግሽም አለበት።»

እናቴ ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስላል፤ የነበረው ግን አንዲት ድመት ብቻ ናት። ቀስ ብላ «አንቺ ልጅ» አለች። ሰባ ዓመት የሞላት እህቷ ለእሷ ዛሬም አንቺ ልጅ ናት። «ዛሬ ቆንስሏ ምሳ ትመጣለች። ከምሳ በኋላ ነይ፤ ስትሄድ።» በሩም ተዘጋ።

ቆንስሏ የምንላት የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ቆንስል ሆና አታውቅም፤ አቀማመጧ ነው። አባታቸው በገዥዎቹ ዘመን ትልቅ ሹመት የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ልጃቸው የአጣቢ ልጅ አገባ ቢባል ቤቱ ይፈርስ ነበር። ስለዚህ እናቴ ሙሽራ ሆና ወደዚያ ቤት ስትገባ «እናቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው» ብላ ገባች። ውሸትም አልነበረም፤ ልብስ ማጠቢያው የመንግሥት ነበር። በእኛ ቤት የአያቴ ሥራ የአደባባይ ምስጢር ሆኖ ኖረ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ማንም አይናገረውም፣ ቆንስሏ ስትመጣ ደግሞ ማናችንም አናውቀውም።

የሰርጉ ነገር ሌላ ቁስል ነው። ሳሎኑ ውስጥ ከመጽሐፍ መደርደሪያው በላይ የእናቴና የአባቴ የሰርግ ፎቶ ተሰቅሏል። እናቴ ነጭ ቬሎ ለብሳለች፤ በመርከብ የመጣ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አባቴ ትከሻውን አስፍቶ ቆሟል። አንድ ነገር ብቻ ዓይን ይስባል፤ ሙሽሮች ሁሉ እቅፍ አበባቸውን ደረታቸው ላይ ሲይዙ እናቴ ሆዷ ላይ ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ይዛዋለች። ከዚህ ፎቶ ተነስቶ የአባቴ ዘመድ ሁሉ ያወራው ነገር ግልጽ ነው፤ ሙሽሪት አርግዛ ነበር የገባችው፣ አበባውም መሸፈኛ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው እኔ ስሆን የተወለድኩት ከሰርጉ ሁለት ዓመት ቆይቼ ነው፤ ግን ወሬ ሒሳብ አያውቅም። ቆንስሏ በመጣች ቁጥር ፎቶውን ቀና ብላ አይታ «አበባው ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል» ትላለች። እናቴ ሻይ ትቀዳላታለች።

ያን ቀን የምንዞረው በእኔ መኪና ነው፤ አክስቴ ዓይኗ ስለደከመ መንዳት ትታለች። መጽሐፉ የመጨረሻዋ እንደሚሆን ነግራኛለች። ማተሚያ ቤቱ ሌላውን ሁሉ ደርድሮ ጨርሷል፤ የቀሩት ለሁለት ቤት ገና ያልተነበቡ ገጾች ናቸው፤ ሠራተኞቹ ማሽኑን ለእሷ ብለው አቁመው እስከ ማምሻ ይጠብቃሉ። ከሁለቱ የእናቴ ምዕራፍ ከወጣ መጽሐፉ ምሰሶው ተነቀለ ማለት ነው፤ ርዕሱም ከዚያ ነው የተወሰደው። ስሙን ብቻ አውጪው እንዳይባል ደግሞ የጸሐፊዋ እናት ማን እንደሆነች ለማንም አይጠፋም።

መጀመሪያ የሄድነው አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነው። ባለሱቁ በገዥዎቹ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበረ ሰው ልጅ ነው፤ ጠና ያለ፣ ቀበቶውን ከሆዱ በታች የሚታጠቅ፣ ሳቂታ ሰው። ከሚስማር ሣጥኖችና ከተጠቀለለ ሽቦ መካከል በርጩማ አመጣልን። አክስቴ አነበበች። ዳኛው አንዲት አትክልት ሻጭ ሴት ፊቱ ቆማ ሳለች ረጅም ስድብ ሰደባት፤ አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ሰምቶ ሲያበቃ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ «ይጠንቀቁ ነው የሚሉት» አላት። ዓመታት ሙሉ እንዲህ አደረገ፤ ዳኛው ረጅም ይናገራል፣ ሰውዬው አጭር ይተረጉማል፣ ለከተማው ሰው ሳይደርስ ስንት ስድብ እሱ ጋ እንደቀረ ያወቀ አልነበረም።  ባለሱቁ አንድ የቁልፍ ጓጉንቸር በእጁ ያገላብጣል።

«ይቆይ ወይስ ይውጣ?»

«ግሩም አድርገሽ ነው የጻፍሽው» አለ። «አባቴን ነው ያየሁት። ግን ሰው እስከ መጨረሻው አያነብም እኮ። ‹የገዥዎቹ አስተርጓሚ› የሚለውን አይቶ ይነሳል። ልጆቼ ይህን ስም ትምህርት ቤት ተሸክመውታል። ስሙን አውጪልኝ።»

አክስቴ እርሳሷን አውጥታ እዚያው ጉልበቷ ላይ ስሙን ሰረዘችው፤ አመሰገነችው፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፤ ሻይ ጠጣን። መኪና ውስጥ እኔ ነኝ የተቃጠልኩት። ለምን አልተከራከርሽም፣ ለሰውዬው ክብር እኮ ነው፣ አንድ ቃል ብታስረጂው እሺ ይል ነበር እያልኩ መሪውን ደበደብኩ። ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ ነው የተናገረችው።

«አባትየው ሞቷል፤ ልጁ ግን ነገም ይህን ሱቅ ይከፍታል። የምኖረው ከእሱ ጋር ነው።»

ይህችን ሴት የማደንቃት ለዚህ ነው፤ እናገረዋለሁ እንጂ አልደብቀውም። ብዙ የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ የሞቱ ሰዎችን ለማክበር ሲል በሕይወት ያሉትን የሚረግጥ። እሷ ሁለቱንም አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣ ለማናገር ስትል የዕድሜዋን ምርጥ ዓረፍተ ነገሮች ትሰርዛለች። ሽልማት ሲሰጣት መድረክ ላይ ከሁለት ቃል በላይ አትናገርም፤ አንዲት የቤት ሠራተኛ የእናቷን ስም መጽሐፍ ውስጥ አይታ አልቅሳ ስትደውልላት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ያንን ታወራለች። ያን ዕለት ግን ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት እያየች ጣቷን ታሻለች።

ተመልሰን ስንደርስ ቆንስሏ አልሄደችም። ምሳው አልቆ ሾርባው ሰሃን ላይ ቀዝቅዟል፤ ቆንስሏ በሟች አባቴ ወንበር ተቀምጣ ከዘራዋን ጉልበቷ መካከል አቁማለች። አክስቴ ድጋሚ ደወለች፣ ድጋሚ በዋናው በር ገባች። እናቴ ዓይን ለዓይን አላየቻትም፤ ሻይ ልቀዳ ብላ ተነሳች፣ ስኒ የለም ብላ ተቀመጠች፣ ስኒው ፊቷ ነበር። እኔ ስለ አየሩ ተናገርኩ። ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ትንሽ ተባለ፤ ቆንስሏ የታችኛውን ፎቅ ለባንክ እንዳከራየች፣ ባንኩም እንደሚያከብራት ነገረችን። 

«አንቺስ» አለች ቆንስሏ ወደ አክስቴ ዞራ፣ ቦርሳውን በከዘራዋ ጫፍ እየጠቆመች። «አሁንም የበረኛና የአጣቢ ወሬ ትለቃቅሚያለሽ? ተይው እንጂ። ታሪክ የትልልቅ ሰዎች ነው። እናታችሁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተው፣ አስተምረው ያሳደጉሽ ልጅ፣ ምን ጎድሎሽ ነው ከገንዳ ሥር የምትፈልጊው?»

አክስቴ ምላሷ ሰነፍ አይደለም፤ ፕሮፌሰሮችን አፍ አስይዛለች። ያን ጊዜ ግን እናቴን አየቻት። እናቴ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አክስቴ ቦርሳዋን አነሳችና ቆመች።

«እውነትዎን ነው» አለች። «እኔ ልሂድ እትዬ። ማተሚያ ቤት ይጠብቁኛል። ያቺ ገጽ ትወጣለች፤ አታስቢ።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ሳያነቡ ማውጣት የለም ስትል የኖረች ሴት ለእህቷ ስትል የገዛ ሕጓን ልታፈርስ ነው፤ መጽሐፉም አብሮ። ተነስቼ ልናገር ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«ተቀመጪ» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «ደውለሽ ነው የገባሽው። አንብቢ።»

«እትዬ፣ ሌላ ቀን…»

«አንቺ ልጅ፣ አንብቢ አልኩሽ።»

አክስቴ ተቀመጠች። ወረቀቱን ገልብጣ አወጣችው፣ መልሳ አቀናችው፤ ሺህ ሰው ፊት ስትናገር አይቻታለሁ፣ እንዲያ ሆና አላውቅም። እንዲህ ይላል፦

«ገዥዎቹ ሊሄዱ መሆኑን ከከተማው ሁሉ አስቀድመው ያወቁት አጣቢዎቹ ናቸው። ጋዜጣ አያነቡም፣ ሬዲዮም አልነበራቸውም። ግን አንድ ሰሞን ለዓመታት ከሣጥን ወጥቶ የማያውቅ የብርድ አገር ካፖርት በሸክም በሸክም ይመጣላቸው ጀመር። እናቴ አንዱን ካፖርት አንስታ፣ ኪሱን ገልብጣ አራግፋ፣ አጠገቧ ለምታጥበው ሴት ‹እነዚህ ሰዎች ወደሚበርድበት ሊሄዱ ነው› አለቻት። እንዳለችውም ሆነ። በጥድፊያ ስለሄዱ የታጠበውን ሁሉ ሊወስዱ አልተመለሱም። ጠያቂ የሌለውን ልብስ አጣቢዎቹ ተከፋፈሉት፤ ለስንት ዓመት ላልተከፈለ ድካማቸው የደረሳቸው እሱ ነው። ለእናቴ የአገረ ገዥው የሳሎን መጋረጃ ደረሳት። በወሩ ታላቅ እህቴ ተዳረች። ቬሎዋ ያ መጋረጃ ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ጫፉን ይዤ ከኋላዋ ሄድኩ። ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር፤ እንደ እናቴ እጅ።»

አነበበችና መነጽሯን አወለቀች። ጥያቄውን ግን መጠየቅ አልቻለችም። ቆንስሏ ከዘራዋን ይዛ ደርቃለች። እኔ ያደግኩበት መርከብ ዓይኔ እያየ ሰጠመ፤ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ፤ ሁለቱንም ዋጥኩ። እናቴ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ለቀቀች።

«መጋረጃ አይደለም» አለች።

ካደች ብዬ አሰብኩ። አክስቴም እንደዚያው ሳታስብ አልቀረችም፤ እርሳሷን ለመሰረዝ አነሳች። እናቴ ግን ተነስታ ወደ መደርደሪያው ሄደች፤ በጣቶቿ ጫፍ ተንጠራርታ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደችና ከሾርባ ሰሃኖቹ መካከል ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

«መጋረጃማ ቢሆን ምን ቸገረኝ፤ መጋረጃ ላይ ማን ይበላል? አንቺ ልጅ ስለነበርሽ ነው። የግብዣ ጠረጴዛቸው ልብስ ነው፤ ያ ረጅሙ። ወይን ጠጅ ፈሶበት ነበር። እማማ ያላደረገችው የለም። በበረኪና አሸችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ ሌሊት ጤዛ አስመታችው፤ እምቢ አለ። ልብስ ሰፊዋ ነጠብጣቡን ወደ ኋላ ልታዞረው ሞከረች፤ ጨርቁ አልበቃ አለ። እዚህ ጋ መጣ።» ጣቷን አበባው ላይ አደረገች። «እማማ እጇ እስኪደማ አሽታው ሳይለቅ የቀረ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ለማንም ላሳየው አልፈለግኩም።»

ሁላችንም አጎንብሰን አየን። የሚታየው አበባ ብቻ ነው፤ ግን ሁላችንም ነጠብጣቡን ያየነው ይመስለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ እናቴ ባለጌ ተብላ ታምታለች፤ አንድ ቃል ብትናገር ሐሜቱ ይሞት ነበር፤ ያቺ ቃል ግን እናቷን አሳልፋ የምትሰጥ ሆነችባትና ዋጠቻት። አጠገቧ አድጌ ይህን አላወቅኩም። አክስቴ ቀና ሳትል «መጋረጃ» የሚለውን ሰርዛ ከላዩ ጻፈች፤ አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ወደቀባት፣ በእጅጌዋ ጠረገችው።

መጀመሪያ የተናገረችው ቆንስሏ ናት። ድምጿ የሌላ ሰው ሆነብኝ፤ የአሮጊት።

«ወንድሜ… ያውቅ ነበር?»

እናቴ ፎቶው ላይ ያለውን አባቴን አየችው።

«ፎቶ አንሺው አበባውን ከፍ አድርጊው እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ ላለቅስ ደርሻለሁ። ወንድምዎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ‹ዝቅ አድርጊው› አለኝ። ‹እርጉዝ ናት ይሉኛል› አልኩት። ‹ይበሉ› አለኝ።»

 ቆንስሏ ከአንገቷ ላይ ሻርፗን ፈታችና የፎቶውን መስታወት ጠረገችው፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ አቧራ ሳይኖርበት። እሷም ወንድሟን ዛሬ ያገኘችው ይመስለኛል። ይቅርታ አላለችም፤ ይቅርታ የሚባል ቃል በዚያ ቤተሰብ አይታወቅም። «የጠረጴዛ ልብስ…» አለች ብቻ፣ «እንዴት አምሮበታል ግን» አለች።

አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሕግ ሕግ ነው።

«ይቆይ ወይስ ይውጣ?»

«ይቆይ» አለች እናቴ። «እሱ ያለኝንም ጨምሪበት። አሁን ሂጂ፤ ሰዎቹን ማሽን አስቁመሽ ታስቀምጫቸዋለሽ እንዴ?»

አክስቴ የገጹን ኅዳግ እስኪሞላ ጻፈች፣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ከተተች፣ ተነሳች። የእናቴን ትከሻ በእጇ ነካ አድርጋ አለፈች፤ ከዚያ በላይ አልተሳሳሙም፣ አላለቀሱም፤ እንዲህ ናቸው። እኔ የመኪናውን ቁልፍ ይዤ ወደ ዋናው በር ሄድኩና ከፍቼ ጠበቅኩ። አልመጣችም። በማድ ቤት በኩል የጓሮ በሩ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የድስት ክዳን ድምፅ።

«እትዬ!» አለች ከዚያ ሆና። «ጨው አንሶታል!»

«ጨምሪበት» አለች እናቴ፣ ፎቶውን ቦታው ላይ እየሰቀለች።